የማሳሳቻው ቅጠል

በደርግ ጊዜ ኮልፌ አድጎ እንቧጮ ያልቆረጠመ ሰው ካለ የኮልፌ ልጅነቱን እጠራጠራለሁ። በየካቡ ሥርና በየአጥሩ ጥግ የሚበቅል፣ ግንዱን ልጠን በጨው የምንበላው ጎምዛዛ ነገር ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ አፋችን እስኪኮማተር እንቆረጥመው ነበር። ቅጠሉን ግን ማንም አይፈልገውም፤ ከእኛ ቤት በቀር። እኛ ቤት ቅጠሉ ሥራ ነበረው፤ ሥራውም ሰው ማሳሳት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ አናጢ ነው፤ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለው ግቢያችን ወንበርና ቁምሳጥን ይሠራል። ረቡዕና ዓርብ ግን መድኃኒተኛ ነው። ጎጃም ሳለ ከአባቱ የተቀበለው የጭርት መድኃኒት ነበረው። ያኔ ጭርት ያልጎበኘው የልጅ ጭንቅላት ማግኘት ብርቅ ስለነበር በእነዚያ ቀኖች ግቢያችን ተላጭተው በመጡ ልጆች ይሞላል። መድኃኒቱ የአንድ ተክል ሥር ነው፤ ስሙን ዛሬም አልጽፈውም፤ ልማድ ሆኖብኝ። አባዬ ጎህ ሳይቀድ፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ሄዶ ይቆፍረዋል። መንገድ ላይ አንድ ሰው «እንዴት አደሩ?» ካለው በቃ፣ ያ ቀን ከሸፈ፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሥሩን ሲወቅጥ ደግሞ ሰው አይቶ እንዳይለየው የእንቧጮ ቅጠል ይቀላቅልበታል። ቅጠሉን የምለቅመው እኔ ነበርኩ። «ይሄ ለማሳሳቻ ነው፤ ምንም አይፈይድም» ይለኝ ነበር። አይፈይድም ካለ ምን አስጨነቀኝ! ጨዋታ የያዘኝ ቀን ግማሽ እፍኝ ብቻ ይዤለት እመጣ ነበር፤ እሱም ግድ አልነበረውም።

አባዬን ከወንድሙ ያጣላውም ይኸው ሥር ነው። እኔ አራት ዓመቴ ስለነበር ታሪኩን የማውቀው ከእማዬ ነው። አጎቴ መኮንን የአባዬ ታናሽ ሲሆን እኛው ዘንድ ይኖር ነበር። አንድ ዓርብ ተደብቆ ተከተለውና ሥሩን አየ። ከዚያ አስኮ ቤት ተከራይቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ራሱ ማከም ጀመረ። እንቧጮው ለማሳሳቻ መሆኑን የቤት ሰው ነውና ያውቃል፤ ስለዚህ ሥሩን ብቻ ወቅጦ ቀባ። አንድም ሰው አልዳነለትም። የታማሚ ዘመዶች «አጭበርባሪ!» ብለው በሩን ገነጠሉበት። አባዬ ይህን ሲሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ የዕድር ሰው በተሰበሰበበት ቆሞ «የተሰረቀ መድኃኒት አያድንም! የሌባ እጅ የተረገመ ነው!» አለ። ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። አያቴ፣ የሁለቱ እናት፣ እኛው ቤት ስትሞት እንኳ አጎቴ ከለቀስተኛው ኋላ ቆሞ አልቅሶ፣ እህል ሳይቀምስ ተመለሰ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንዲት ወጣት ሴት ይዞ መጣ። ሰናይት ትባላለች፤ የባህል መድኃኒት ከሚመረምሩ ሰዎች ጋር ነው የምትሠራው። ሊቀመንበሩ «ጓድ ደምሴ፣ መድኃኒትዎ ተመርምሮ ይሠራል ካልተባለ ከእንግዲህ ሰው መቀባት የለም» አለ። የአባዬ ፊት ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተጨማደደ። እምቢ ቢል አጭበርባሪ ሊባል ነው፤ እሺ ቢል የአባቱ ምስጢር ሊወጣ ነው። በመጨረሻ ብልሃት መጣለት፤ ሥሩንና ቅጠሉን በየወረቀቱ ጠቅልሎ፣ ዋናው የትኛው እንደሆነ ሳይነግራት ሰጣት። ከግቢ ስትወጣ ጠብቆ «እስቲ ትልፋ!» ብሎ ሳቀ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ተመልሳ መጣች። አባዬ ሳንቃ እየላገ ነበር፤ ግቢው በጥድ ፍቅፋቂ ሽታ ታውዷል።

«ጋሼ ደምሴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! መድኃኒትዎ ይሠራል» አለችው ከበሩ ሳትርቅ።

አባዬ ደረቱን ነፋ። «እኔስ መች ጠፋኝ!»

«ቅጠሉ በጣም ነው የገረመን።»

«የቱ ቅጠል?»

«እንቧጮው ነዋ። ሁለቱንም ለየብቻ አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍናቸው። ከዚያ ጭማቂያቸውን ጭርት የሚያመጣው ሻጋታ ላይ ጠብ አደረግን። ሥሩ ምንም አላደረገውም፤ ሻጋታው እዚያው ሲያድግ ከረመ። እንቧጮው ያረፈበት ሻጋታ ግን ዙሪያውን ጠፋ።»

እኔ ሳቄ መጣ። አባዬ አልሳቀም።

«ልጄ፣ ወረቀቱን አቀያይራችሁት ይሆናል።»

«ሦስቴ ደጋግመነዋል፣ ጋሼ።»

«ሥሩ ብቻውን ቢቀባስ?»

«ጭርቱ እንዳለ ይቀመጣል።»

መላጊያው ከእጁ ወደቀ። እማዬ ድምፁን ሰምታ ከጓዳ ወጣችና «በስመ አብ! ምን ሆንክ?» አለችው። ከንፈሩ ነጥቷል። እኔ ምስጢሩ ስለወጣ የደነገጠ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልቡ አስኮ ነው ያለው። «መኮንን» አለ፤ «መኮንን እኮ ሥሩን ብቻ ነው የቀባው።» እማዬ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። የአባዬ አባትም፣ የእሱም አባት በዝምታና በጾም ሲቆፍሩት የኖሩት ሥር ባዶ ኖሯል? ያን ሁሉ ሰው ያዳነው እኔ እየተጫወትኩ የለቀምኩት ቅጠል? ደግሞ ግማሽ እፍኝ ያመጣሁባቸው ቀኖች ትዝ አሉኝ። ሳይድኑ የተመለሱትን ልጆች አባዬ «ቅባቱን ሰው አይቶባችሁ ነው!» እያለ ይቆጣቸው ነበር። ሰናይት ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት፣ የፈቃዱን ወረቀት ወንበር ላይ ትታ ሄደች።

በዚያው ሳምንት እሑድ አባዬ ጋቢውን ደርቦ፣ እኔን አስከትሎ፣ በውይይት ታክሲ አስኮ ወሰደኝ። አጎቴ በር ላይ ስንደርስ ጎንበስ አለና ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ጫነ። አባዬ ለሊቀመንበሩ እንኳ አንገቱን ሲሰብር አይቼ አላውቅም። ታላቅ ለታናሹ ድንጋይ ተሸክሞ! አፈርኩም፣ ደነገጥኩም፤ መሀል መንገድ ላይ ማልቀስ ጀመርኩ።

አጎቴ በሩን ከፍቶ ሲያየን «ጋሼ! ኧረ በማርያም! ምን ሆነሃል? ጣለው!» አለ።

«ይቅር ሳትለኝ አልጥልም» አለ አባዬ፤ ተንበርክኮ ሰናይት ያለችውን ሁሉ ነገረው። «ባዶ የነበረው ሥሩ ነው መኮንን። እጅህ ምንም አልነበረበትም።»

አጎቴ ድንጋዩን ነጥቆ ወረወረና ደጃፉ ላይ ዘፍ አለ። መዳፎቹን ገልብጦ ያያቸው ጀመር። «መስረቁንስ ሰርቄያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ጋሼ፣ የተረገመ ነው ያልከኝን አምኜህ እኮ ነው። ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ በዚህ እጄ አንድ ቀን አላጎረስኳትም።»

ዛሬ ጭርት የያዘው ሰው ፋርማሲ ገብቶ ቅባት ይገዛል፤ ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ በወረቀት ተጽፎለታል። በዝምታ የሚቆፈር የለም፤ የሚደበቅም የለም። እኔም ያንኑ ነው የምገዛው። ልጆቼ ደግሞ የነገርኳቸውን ሁሉ «እማዬ፣ በምን አወቅሽ?» እያሉ ያደርቁኛል። እኛ የታላቅ ቃል እንደ ወንጌል የሚታመንበት ዘመን ልጆች ስለሆንን አንዳንዴ ያበሳጨኛል። ወዲያው ግን ያ እሑድ ይመጣብኝና ቁጣዬን እተወዋለሁ። ያን ቀን የአጎቴ ሚስት እንባዋን እየጠረገች ምሳ አቀረበች። አጎቴ እጁን ሁለቴ ታጠበ፤ እንጀራውን ጠቅልሎ ለስድስት ዓመቷ ልጁ ዘረጋላት። ከአባቷ እጅ መጉረስ ያልለመደችው ልጅ አፏን አልከፈተችም። ሁለት እጇን ዘርግታ ጉርሻውን ተቀበለችው።