እትዬ ወርቄ ግቢ ያደረው አውቶቡስ

ሞላሌ ያለው የእኛ ጠላ ቤት ከጎንደር ግንቦች ይበልጣል፤ በዕድሜ ማለቴ ነው። ለግንቦቹ ገና ድንጋይ ሲለቀም እኛ ዘንድ ሁለተኛው ጋን ተሟጦ ሦስተኛው ይከፈት ነበር እያልኩ ያላሳመንኩት ሰው የለም። ያላመኑኝ አክስቴ እትዬ ወርቄ ብቻ ነበሩ፤ ምክንያቱም ቤቱን የሠሩት አባታቸው ናቸው፣ እሳቸውም በልጅነታቸው የግድግዳውን ጭቃ በእግራቸው ያቦኩ ሰው ናቸው።

ባለፈው ጥር ለልቅሶ አገሬ ሄጄ ወደ ቤቱ ጎራ ስል፣ የበሩ ጉበን እንደ ድሮው አንገቴን አስደፍቶ አስገባኝና የጌሾው ሽታ አፍንጫዬን ያዘው፤ ከጌሾው ሥር ደግሞ፣ ድራፍት የሚቀዳበትን አዲሱን ባንኮኒ ሁሉ አልፎ፣ ያረጀ የኮርቻ ቆዳ ሽታ መጣ። ኮርቻ ይሰቀልበት የነበረው የወይራ ችካል አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ የአንዲት ቱሪስት ቦርሳ ተንጠልጥሎበታል።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ፣ እኔ ተማሪ ሆኜ አክስቴ ዘንድ ሳድግ፣ ያ ችካል ሥራ አይፈታም ነበር። ከመርሐቤቴ ቆላ እህል ጭነው፣ ከመንዝ በግና የሱፍ ባና ይዘው የሚመላለሱት ነጋዴዎች ማደሪያቸው እኛ ዘንድ ነበር፤ ግቢው ሠላሳ በቅሎ ይይዛል፣ እኔ ሳወራው ሦስት መቶ። በቤቱ ደንብ በቅሎው ሳይጠጣ ባለበቅሎው አይጠጣም። ዳገት ወጥቶ ለመጣ ከብት ደግሞ ባዶ ውሃ ማቅረብ ነውር ስለሆነ፣ አክስቴ የገብስ ዱቄት በለብታ ውሃ በጥብጠው በገዛ እጃቸው ያጠጣሉ፤ እንግዳው የቱንም ያህል ጉሮሮው ቢደርቅ እስከዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

በኋላ የጭነት መኪናው በዛና በቅሎው ሳሳ። ከፊት ለፊታችን አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቴፕ የሚያስጮህ ሆቴል ተከፈተ። አክስቴ ጋን መጥመቁን ወደ እንስራ አወረዱት፤ እንስራውም ይተርፍ ጀመር። በዚህ መሀል ከደብረ ብርሃን የሚመጣው አውቶቡስ በክረምቱ ጭቃ እያመሸ ሞላሌ ሊያድር ነው ተባለ። እትዬ ወርቄ አባታቸው የካቡትን አጥር ራሳቸው ቆመው አስፈርሰው በሩን አሰፉና፣ “ይህ አውቶቡስ እዚህ ካላደረ ቤቱን ዘግቼ ደብረ ብርሃን ልጄ ዘንድ እገባለሁ” አሉ። አክስቴ እንዲህ ካሉ አሉ ነው፤ እኔ በፍርሃት እራት አልበላ አለኝ፤ ቁርስ ግን በልቻለሁ።

የመጀመሪያው ማታ አውቶቡሱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እያቃሰተ ገባ። ሾፌሩ ታደሰ ሳቂታ ሰው ነበር፤ ከመውረዱ፣

“እትዬ፣ እስቲ ውሃ ካለ። ዳገቱ ገድሎታል፣ ጠምቶታል” አለ መኪናውን እየመታ።

“አንተ ግባና ዕረፍ ልጄ፤ የከብቱ ነገር የቤቱ ነው” አሉት።

ታደሰ በጨዋታቸው እየሳቀ ገባ። እሳቸው ግን እየተጫወቱ አልነበረም። ጓዳ ገብተው ውሃ ለብ አድርገው፣ ለበቅሎ ከሚያደርጉት እጥፍ ዱቄት በጥብጠው (እንግዳው ትልቅ ነዋ) በጀሪካን ለረዳቱ ሰጡት። ረዳቱም እንቅልፍ እየጣለው በድንግዝግዝ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠው።

ጠዋት አውቶቡሱ ተነሥቶ ገበያው ጋ እንኳ ሳይደርስ እንፋሎቱ ሰማይ ነካ። ታደሰ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ሲከፍተው ገንፎ ነው የወጣው፤ ነጭ፣ የሚንተከተክ፣ ቅቤና በርበሬ ብቻ የጎደለው ገንፎ። የሆቴሉ ባለቤት በረንዳው ላይ ወጥቶ ቴፑን ከፍ አደረገው።

“ምን አጠጡብኝ እትዬ?” አላቸው ታደሰ፣ አክስቴ ከግቢ ሮጠው ሲደርሱ።

“ለእንግዳ ከብት የምንሰጠውን።”

“መኪና እኮ ነው።”

“ጠምቶታል ያልከኝ አንተ ነህ፤ ባዶ ውሃ አጠጥተው ሰደዱት ልባል?”

እኔ በቃ፣ ቤቱ ተዘጋ ብዬ ደብተሬን መሰብሰብ ጀመርኩ። አክስቴ ይቅርታ አልጠየቁም፤ መጠየቅ አያውቁበትም ነበር። ደግነቱ ቀኑ ፍስክ ነበርና ጠቦት አሳረዱ፣ ተሳፋሪውን ሁሉ ከነሕፃኑ መልሰው አስገቡ፣ ራዲያተሩ ሲወርድም ለጋን ማጠቢያ ያስቀመጡትን ግራዋና ፍል ውሃ ይዘው ከታደሰ ጎን ተቀመጡ። እንደ ጋን አሹት፣ አለቀለቁት፣ አሸተቱት። ታደሰ መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ከጥብሱ በኋላ ለዘብ አለ፣ ከጠላው በኋላ እየሳቀ እንባውን ጠረገ። “ሃያ ጋራዥ አይቻለሁ፣ መኪናዬን እንዲህ ያከበረው ግን የለም” አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ሆቴሉን አልፎ ቀጥታ ወደ እኛ ግቢ ታጠፈና ከመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ “እትዬ፣ በልቶ ነው የመጣው፤ ውሃ ብቻ” አላቸው። ለዓመታት ከዚያ ሌላ አላደረም። ጋኑም ተመለሰ።

አክስቴ ካረፉ ቆይተዋል። ሚኒባሱ አሁን ሞላሌን በጥሩምባ አልፏት ይሄዳል፤ ሰው ሲገባም ምን ትጠጣለህ እንጂ በምን መጣህ የሚለው የለም። ቢሆንም ያን ቤት የልጅ ልጃቸው ይዛዋለች፣ በሩም ክፍት ነው፤ ይህን ሁሉ ደረቴን ነፍቼ ስተርክላት ልጅቷ በኩራት አብራ ቀና አለችና፣

“በሉ ጋሼ፣ አልጋ ላንጥፍልዎ፤ የእርስዎ ቤት አይደል” አለችኝ።

ሻንጣዬን ከፊት ለፊቱ ሆቴል አስቀምጬ ነበር የመጣሁት። ሙቅ ሻወር አለው። እዚያው አደርኩ።