ጋራዡን ያለበስንበት ቀርከሃ

የወንድሜ ልጅ ባጃጅ ከገዛ ወዲህ ማሳደሪያ ሲፈልግ ዓይኑ ያረፈው በአባቴ የሥራ ቤት ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት መዶሻ ይዞ መጣና የውስጡን ግድግዳ ባነሳው ባጃጁ ልክ ይገባል አለኝ። እኔ ደክሞኝ ነበር። በዚህ ዕድሜ እንኳን መከራከር፣ ከወንበር መነሳትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እንዳሻህ አልኩት።

ጭቃውን ፈርፍሮ ቀርከሃው ላይ ሲደርስ ግን መዶሻው ነጠረ። ደገመው። ቀርከሃው ኳ አለ እንጂ አልተሰነጠቀም። ልጁ ገርሞት፣ ይህን ሁሉ ዓመት ነቀዝ ሳይነካው እንዴት ቆየ ብሎ ጠየቀኝ። በወቅቱ የተቆረጠ ስለሆነ ነው አልኩት። ይህን እንዳልኩ ግን ሥራውን ለጊዜው እንዲተወው ለመንኩት። ከዚያ ግድግዳ በፊት ሌላ ግድግዳ እንደነበረ የሚያውቅ ከቤታችን ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

ልጅ እያለሁ ያ ቤት ጋራዥ ነበር። አባቴ የአንድ ነጋዴ ጭነት መኪና ይነዳ ስለነበር፣ ቆሰበር ሲያድር መኪናውን የሚያስገባበት የቆርቆሮ ቤት ግቢያችን ውስጥ ሠርቶ ነበር። እንጅባራን ያኔ ቆሰበር ነበር የምንላት፤ ዛሬም አፋችን አልለቀቃትም። አባቴም እናቴም ከደጀን በኩል የመጡ ናቸው፤ የዚህን አገር ብርድም ሆነ ቀርከሃ አያውቁም። አባቴ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ይቆይና ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ይመጣል። ከዚያ ሁለት ቀን ይተኛል። እናቴ በጣቷ አፏን ይዛ ዝም በሉ ትለናለች። አባት ማለት ለእኔ አልጋ ላይ የተኛ ጀርባ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አራተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ነጋዴው ያቺን መኪና ሸጣትና ሌላ ትልቅ መኪና ገዛ። አዲሱ መኪና የሚሠራው በአሰብ መንገድ ነበር። አባቴን እንዲነዳለት ጠየቀውና እስከ መስቀል መልስ ስጠኝ ብሎት ሄደ። አሰብ ማለት በዓመት ሁለቴ ቤት መምጣት ነው። አባቴ መንገድ ሰልችቶታል፤ አጥንቴን ጨረሰው ይል ነበር። ሾፌር ከመሆኑ በፊት ጥሩ አናጢ ስለነበር፣ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የሚሠራበት ቤት ካለው የተማሪ ዴስክ ሊያሠሩት ቃል ገቡለት። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በባዶው ጋራዥ ላይ ቆመ። ጋራዡ የሥራ ቤት ከሆነ አባቴ ይቀራል፤ ካልሆነ አሰብ ይሄዳል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ እናቴ ስታለቅስ ሰምቼ ነው ያወቅሁት።

አባቴ መጀመሪያ እንዳለ ሊሠራበት ሞክሮ ነበር። የቆሰበርን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጉሙ በቆርቆሮው ስንጥቅ ይገባል፤ ጣሪያው ጠዋት ጠዋት ሌሊት ያላበውን ያንጠባጥባል፤ መጋዙ በሳምንቱ ዛገ። ኮላውን በጣሳ አሙቆ ጣውላው ላይ ሲቀባው፣ ሁለተኛውን ጣውላ እስኪያነሳ ድረስ እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ይረጋበታል። አንድ ቀን መዶሻውን ጥሎ ጣቶቹን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። ደንዝዘው አልታጠፍ ብለውት ነበር። አባቴ ሲያለቅስ አላየሁም፤ ያን ቀን ግን ሊያለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ነው ዘዴውን የቀየሰው። የአገሩ ሰው ቤቱን የሚያሞቅበትን አስተውሎ፣ ከቆርቆሮው ወደ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብሎ የቀርከሃ ግድግዳ ሊያቆም፣ መሐሉን በጭድ ሊጠቀጥቅ፣ ፊቱን በጭቃ ሊመርግ አሰበ። እናቴን፣ ቆርቆሮዋን ካፖርት ላልብሳት ነው እያለ ያስቃት ነበር። ቀርከሃ እንዲሰጡን አያ ፈንቴ ዘንድ የላከው እኔን ነው።

አያ ፈንቴ ከወንዙ ማዶ ሰፊ የቀርከሃ ደን የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሰው የሚያከብራቸው ግን በማስታወሳቸው ነበር። የማን መሬት የትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚያልቅ፣ ድንጋዩንም ማን እንደተከለው ያውቃሉ። ድንበር የተጣላ ሁሉ እሳቸውን ይጠራል፤ እሳቸው ይህ ነው ካሉ ነገር አለቀ። አማርኛቸው በአገውኛ የታሸ ነበር፤ ሲናደዱ ደግሞ ጨርሶ ወደ አገውኛ ይገባሉ። ያን ቀን ግን ረጋ ብለው፣ እንድይዘው እየደጋገሙ ነገሩኝ።

«ቀርከሃው የሱ ነው በይው፤ አልከለክለውም። አሁን ግን ክረምት ነው፣ ውሃ ጠጥቷል። አሁን የተቆረጠ ነቀዝ ይጠራል። ጥር ይግባና ጨረቃዋ ስትጎድል እኔው መርጬ እቆርጥለታለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ በይው።»

እሳቸው በማግስቱ ጥሊሊ ሊሄዱ ነው፤ ልጃቸው ልትወልድ ስለነበር እዚያ ይሰነብታሉ። እኔ መንገዱን ሙሉ በጣቴ ስቆጥር መጣሁ። መስቀል መስከረም ላይ ነው። ከዚያ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። ጥር እስኪገባ አባቴ አሰብ ደርሶ ስንቴ ይመለሳል? ግቢያችን በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁትና ምን አሉ አለኝ።

«ቀርከሃው ያንተ ነው አሉ» አልኩት። «ቁረጥ ብለዋል።»

ግማሹ እውነት ነበር። በልጅነቴ ግማሽ እውነት ግማሽ ኃጢአት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ሁለት የቀን ሠራተኞች ከመንገድ ሥራ አመጣ፤ እነሱም እንደኛው የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። በሦስት ቀን ቆርጠው ጨረሱ። እርጥብ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ የሚሸተው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ዝናብ የጠገበ ሣር ይመስላል። እኔና ወንድሜ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግራችን ስናቦካ እናቴ ውሃ ትጨምርልናለች፤ ማታ እግራችን ተሰነጣጥቆ ቅቤ ትቀባናለች። ጭቃው በነሐሴ ዝናብ አልደርቅ ብሎ አባቴ ከሰል ሲያነድለት ሰነበተ። ግድግዳው ሲያልቅ እናቴ በነጭ አፈር ለቀለቀችው። አባቴም መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዙሪያቸውን በከሰል ሣለ። መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያ፣ ፒንሳ፣ እያንዳንዱ ጥላውን አገኘ። የጎደለ ዕቃ ካለ ባዶው ጥላ ይናገራል ይል ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዕቃውን ወደየጥላው መመለስ የእኔ ሥራ ሆነ። ቤቱ ይሞቅ ነበር። ኮላው አልረጋም፤ የአባቴም ጣቶች ታጠፉ።

በመስቀል ነጋዴው መጣ። አባቴ ዘንድሮ ቤቴ ነኝ ብሎ መለሰው። በዚያን ቀን ከእኔ በላይ የተደሰተ ሰው ቆሰበር ውስጥ ነበር ብዬ አላምንም።

አያ ፈንቴ ከጥሊሊ እንደተመለሱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ግድግዳውን አዩ፣ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት፣ እግዜር ያጽናው ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በደጃችን ሲያልፉ አይገቡም። አባቴ ምን አስቀየምኳቸው እያለ ይገረም ነበር። እኔ ገብቶኛል፤ መልእክታቸውን ሰምቶ የናቃቸው መስሏቸዋል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን እያደር ከበደ።

ግማሽ ዓመት ሳይሞላ ዱቄቱ መርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ እንደ ጤፍ ዱቄት ሆኖ አየሁትና ማንም ሳያይ በቀሚሴ ጠረግሁት። በማግስቱም ጠረግሁት። ጆሮ ለሚያስጠጋ ሰው ግድግዳው ውስጥ የሚቆረጥም ነገር ይሰማል። እየጠረግሁ ወራት አለፉ፤ ልጅ መሆን ሞኝነቱ ይህ ነው፣ ዱቄቱን ከጠረግኩ ነቀዙ የጠፋ ይመስለኛል። በሰኔ፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ሆዱን ነፍቶ ወደ ውስጥ ወደቀ። ሰው አልነካም። ትምህርት ቤቱ ሊረከባቸው የተደረደሩትን አሥራ ሁለት ዴስኮች ግን ሰባበራቸው። አባቴ ከፍርስራሹ አንድ ቀርከሃ አንስቶ ቢጨምቀው በእጁ ውስጥ ዱቄት ሆነ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ከመካከላቸው አንዱ ይህ እኮ በክረምት የተቆረጠ ነው አለ፤ አባቴ ያን ጊዜ ገና ሰማ። አያ ፈንቴ ወሬውን ሰምተው ሲመጡ አባቴ በሰው ሁሉ ፊት ተናገራቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞት ነው። ዓመት ሙሉ የለፋበት መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር።

«እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ፤ አላውቅም። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር፣ አያ ፈንቴ። ምነው ሳይነግሩኝ?»

አያ ፈንቴ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እኔን አዩኝ። ከእናቴ ኋላ ቆሜ ነጠላዋን ይዤ ነበር። ብዙ አላዩኝም፤ ዓይናቸው ለአፍታ እኔ ላይ አርፎ ወደ ቀርከሃው ተመለሰ።

«ረሳሁት» አሉ።

 እኔ ከእናቴ ኋላ አልወጣሁም። መናገር የሚገባኝ ያኔ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን ሁሉ ማካካሻ ፍለጋ ነው።

ጥር ላይ፣ ጨረቃዋ ስትጎድል፣ አያ ፈንቴ መርጠው ያስቆረጡትን ቀርከሃ በሰው አሸክመው አመጡ። ግድግዳው ቆመ፤ አባቴ ጥላዎቹን ደግሞ ሣለ። ዲሬክተሩ ታገሱት፤ ጣውላውን ከዳንግላ እያስመጣ እስኪያረጅ በዚያ ቤት ሠራ። አሰብን አላያትም። ከአያ ፈንቴም ጋር ታርቀው ልብ ለልብ ሆኑ። አባቴ ግን ቀልድ ይወድ ስለነበር ሲመጡ ዝንጉው መጡ እያለ ያስቅባቸዋል። እሳቸውም ይስቃሉ። ቀልዱ ከግቢያችን ወጥቶ ገበያ ደረሰ።

ስድስተኛ ክፍል ሆኜ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ዋርካው ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሁለት ወንድማማቾችን በድንበር ሲዳኙ ደረስኩ። አያ ፈንቴ ድንጋዩ የቱ ጋ እንደነበር ሲናገሩ፣ ፍርዱ ያልጣመው ወንድም ከት ብሎ ሳቀ። የራሱን ቀርከሃ የረሳ ሰው የእኛን ድንበር ያስታውሳል ወይ አለ። አንዳንዱ አብሮት ሳቀ። ዳኞቹም ሌላ ምስክር ይፈለግ አሉ። አያ ፈንቴ አልተከራከሩም። በርኖሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ተነሱና ሄዱ።

እየሮጥኩ ወንዙ ጋ ደረስኩባቸው። ልናገር፣ ለሁሉም ልናገር ብዬ ስጀምር እንባዬ ቀደመኝ። ቆመው ጠበቁኝ።

«አባትሽ ቤት ነው?» አሉኝ።

ቤት ነው አልኳቸው።

«እንግዲያ ተይው፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ ለድንበር ሲጠሩ አላየሁም።

ዛሬ ዴስክም ወንበርም ተሠርቶ በመኪና ይመጣል። ኮላው በጠርሙስ ነው፤ ብርድ አይፈራም። አንድ ግድግዳ ለማሞቅ የጨረቃን መጉደል የሚጠብቅ ሰው የለም፤ መጠበቅ ራሱ የሞኝ ሥራ ሆኗል። እኔም ከዚህ ወዲያ የምጠብቀው ብዙ አልቀረኝም። ትናንት የወንድሜን ልጅ ከወንዙ ማዶ ወደ አያ ፈንቴ ግቢ በባጃጁ እንዲወስደኝ ጠየቅሁት።

«የዝንጉዎቹ ቤት?» አለኝ። ስሙ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ስለሚጠራቸው ነው።

የአያ ፈንቴ የልጅ ልጅ ራሱ ሸብቷል። ወንበር አወጣልኝ፤ ከደኑ የተረፈችው ጥቂት ቀርከሃ ፊት ለፊታችን ነበረች። ከመልእክቱ ጀምሬ እስከ ዋርካው ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ ዓይኑ ለአፍታ እኔ ላይ አርፎ ወደ ቀርከሃው ተመለሰ።

«እኛማ ረስተነዋል፣ እማማ» አለኝ።

ስንመለስ የወንድሜን ልጅ፣ ያን ስም ሁለተኛ እንዳትጠራው አልኩት። ለምን አለኝ። አልረሱም ነበር አልኩት።