ኪሱጉ ያለችውን የእህቴን ቤት ፍለጋ

ከቦሌ ስነሣ

ሻንጣዬ ከባድ ነበር። የእኔ የሚባለው ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪና ላፕቶፕ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው እናቴ ለእህቴ የላከችው በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ ነው። ሚዛኑ ጋ የቆመችው ልጅ ሻንጣውንም እኔንም አየችና «ለንግድ ነው?» አለችኝ። «ለእህቴ ነው» ስላት ፈገግ ብላ አሳለፈችኝ። እናቶች የሚልኩት ነገር በየቀኑ እጇ ላይ ሳይመዘን አይቀርም።

የጉዞዬ ምክንያት እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ዘይነብ ካምፓላ ከገባች ዓመታት አልፈዋል። በሰው ወጥ ቤት ስትሠራ ኖራ፣ አምና ኪሱጉ በሚባለው ሰፈር ስድስት ክፍል ያለው ቤት ተከራየችና የእንግዳ ማረፊያ ከፈተች። ድረ ገጹን የሠራሁላት እኔ ነኝ። እኔ ደሴ ውስጥ ታፔላ ስጽፍ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሰው ሱቅ የሚፈልገው በስልኩ ሲሆን ጊዜ ብሩሼን ሰቀልኩና አዲስ አበባ ገብቼ ድረ ገጽ ወደ መሥራት ዞርኩ። የእህቴ ድረ ገጽ ደግሞ ኩራቴ ነበር። ስልኬ ላይ «ካምፓላ ማረፊያ» ብዬ ስፈልግ ከሁሉ በላይ የሚመጣው እሱ ነው። ጅዳ ያለው አጎታችን ሲፈልግም አንደኛ፣ ኮምቦልቻ ያለችው አክስታችን ስትፈልግም አንደኛ። አክስቴማ ጠዋት ተነሥታ ሳትከፍተው አትውልም።

እንግዳ ግን የለም። ይህን ያወቅነው ከእትዬ ዘይነብ ስልክ ነው። በየትኛውም ሰዓት ቢደወልላት አንዴ ጠርቶ ሳይጨርስ ታነሣለች። መጀመሪያ ደስ ይለን ነበር፤ ኋላ እናቴ ነቃች። «ሥራ ያለው ሰው እንዲህ ቶሎ ስልክ አያነሣም» አለች። የኪራይ ውሉ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነው። እስከዚያ እንግዳ ካልገባ እትዬ ቁልፉን መልሳ ወደ ሰው ወጥ ቤት ልትገባ ነው። እኔም ሥራዬን ለሁለት ሳምንት ዘጋሁና ተነሣሁ።

ከኢንቴቤ ወደ ካምፓላ

ኢንቴቤ ስንወርድ ዝናብ አባርቶ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ኢስማ የሚባል ጨዋታ ወዳድ ሾፌር አገኘሁ። በቀኝ በኩል ሐይቁ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፣ በግራ በኩል የሙዝ ተክል ማለቂያ የለውም፣ አፈሩ ቀይ ነው። ኢስማ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ዝናቡና ስለ አማቱ በእንግሊዝኛ ሲያጫውተኝ ቆየና ከተማው ጫፍ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። መኪናዋን አቁሞ የት እንደሚያደርሰኝ ጠየቀኝ።

«ስልክህ ላይ 'የእንግዳ ማረፊያ ካምፓላ' ብለህ ፈልግ። መጀመሪያ የሚመጣልህ የእህቴ ቤት ነው» አልኩት። እንዴት ደረቴን ነፍቼ እንደነበር ባታዩት ይሻላል።

ጻፈ። ሆቴል መጣ፣ ሌላ ሆቴል መጣ። ወደ ታች ሳበው። ወደሚቀጥለው ገጽ ሄደ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው።

«ወንድሜ፣ የእህትህ ቤት ተሠርቷል ወይስ ገና ሊሠራ ነው?» አለኝ።

የራሴን ስልክ አወጣሁና ያንኑ ቃል ጻፍኩ። አንደኛ! ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አድርገን አየናቸው። ኢስማ ሳቁ አመለጠው። «የአንተ ስልክ ዘመድህ ነው» አለ።

ወዲያው ገባኝ፤ ሳቁ ለእኔም መጣ፣ ላብም መጣ። የፍለጋው ሥርዓት ሰው ዘወትር የሚከፍተውን እያየ ለዚያው ሰው ያንኑ ከፊት ያቀርብለታል። እኔ በየቀኑ እከፍተዋለሁ፣ አጎቴ ይከፍተዋል፣ አክስቴ በቢስሚላህ ትከፍተዋለች። ለእኛ ለቤተሰቡ አንደኛ ሆነ፤ ለማያውቀን ሰው ግን ከነጭራሹ የለም። ይህን ለደንበኞቼ ሳስረዳ የኖርኩ ሰው እህቴ ቤት ሲደርስ ጠፋኝ። ፍቅር እንዲህ ያደርጋል መሰለኝ።

ኪሱጉ

ካባላጋላ ከሚባለው ሰፈር ጫጫታ ወጥተን ቁልቁል ታጥፈን ገባን። እትዬ በር ላይ ነበረች። አቅፋኝ አልለቅ አለች፤ ከዚያ ራቅ አድርጋ አየችኝና «ሰይዶ፣ ከሳህ» አለች። አልከሳሁም፤ እንዲያውም ሸሚዜ እምቢ ብሎኛል። አጠገቧ የቤቱ ባለቤት ቆማለች። ስሟን የሚጠራ የለም፤ መንታ ስለወለደች እንደ አገሩ ወግ ሁሉም ናሎንጎ ይላታል። «ኩሊካ!» አለችኝ፤ ከመንገድ ለመጣ ሰው የሚባል የእንኳን ደኅና ገባህ ቃል ነው። ደግ ሴት ናት። ሆኖም ልጇ ቤቱን ለቡና ቤት ነጋዴ ላከራየው እያለ አስጨንቋታል፤ ባዶ ቤት ደግሞ ማንም አይወድም።

ቤቱ ምድር ላይ ያለ ነው፤ ግቢው በሲሚንቶ የተለበጠ፣ ጥግ ላይ ፌኔ የሚባል ግዙፍ ፍሬ የሚያፈራ ትልቅ ዛፍ የቆመበት፣ አንሶላው ከፀሐይ የወጣ ሽታ ያለው ንጹሕ ቤት። ከስድስቱ ክፍሎች የተያዘው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም የያዝኩት እኔ ነኝ። ማታ ማቶኬ በዶሮ ወጥ በላን። እትዬ «ሙዝ በወጥ ሲሉህ አትሳቅ፣ ቅመስ» አለችኝ። ቀመስኩ፣ ደገምኩም።

የዘመድ ኮከብ

ጠዋት በረንዳው ላይ ላፕቶፑን ከፈትንና እንግዶች አስተያየት የሚሰጡበትን ገጽ አየን። ዘመዶቻችን በአንድ ሌሊት የሰጧቸው ባለ አምስት ኮከቦች በሙሉ ጠፍተዋል።

«የት ሄዱ?» አለች እትዬ።

«ተጠርገዋል። ካምፓላን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት አምስት ኮከብ ሲሰጥ ይጠረጠራላ።»

«ያረቢ! አጎቴ ያን ሁሉ ዱዓ ጽፎ!»

የቀረው አንድ አስተያየት ብቻ ነበር፤ ባለ ሦስት ኮከብ። እትዬ እሱን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። «ይልቅ ይኼ ነው መጥፋት ያለበት። አጥፋልኝ፣ ወላሂ እንቅልፍ ነስቶኛል» አለች። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ጮክ ብዬ በአማርኛ አነበብኩላት። «አልጋው ንጹሕ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሐይቅ ግን የለም። የጎረቤት አውራ ዶሮ ከአዛን ይቀድማል። ሚስቴ ከሆስፒታል ስትወጣ የቤቱ እመቤት ማንም ሳይጠይቃት አጃ አፍልታ ሰጠቻት። ወጥ ቤቷንም ለቀቀችልን።»

«አየህ? ወጥ ቤቱን አወጣው!» አለች። «ሆቴል ውስጥ እንግዳ ሽንኩርት ሲከትፍ የት አይተሃል? ታማሚ ነች፣ ምግቡ አልተስማማትም ብዬ ነው እንጂ...»

ሐይቁ የእኔ ጥፋት ነው፤ ፎቶውን የወሰድኩት ከሌላ ድረ ገጽ ነበር። ከሥሩም «በአፍሪካ ዕንቁ እምብርት ላይ የሚገኝ ንጉሣዊ ዕረፍት» ብዬ ጽፌበታለሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ንጉሣዊ ዕረፍት ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን ኪሱጉ ምን ይሠራል?

«እትዬ፣ ሰውየው ከየትኛው ሆስፒታል ነው የመጣው?» አልኳት።

«ከንሳምብያ ነዋ። ቅርብ እኮ ነው፣ በቦዳ ሞተር እፍ ማለት ነው።»

ንሳምብያ በር ላይ

በማግስቱ ቦዳ ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ በመኪኖች መካከል ሲሹለከለክ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ሁሉ ቀራሁ። ንሳምብያ ኮረብታ ላይ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ሮሌክስ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ተቀመጥኩ። ሮሌክስ ሰዓት አይደለም፤ ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ነው። በሁለት ሺህ ሽልንግ እስከ ምሳ ያቆማል።

በሩ ላይ የሚመላለሰው አስታማሚ ነው፤ ቴርሞስ የያዘ፣ ምንጣፍ የተሸከመ፣ ሳህን በጨርቅ ያሠረ። እየተጠጋሁ «እዚህ አካባቢ ማረፊያ ብትፈልጉ ስልካችሁ ላይ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?» እያልኩ ጠየቅሁ። ባሏ እግሩን የታከመ ከማሳካ የመጣች ሴት «ደረጃ የሌለው ቤት» አለችኝ። አንድ ሽማግሌ «ለባለቤቴ ገንፎ የማበስልበት» አሉ። ንጉሣዊ ያለ የለም። ሐይቅ ያነሣም የለም።

አንድ ወጣት በእንግሊዝኛ ብጠይቀው በአማርኛ መለሰልኝ። ጀማል ይባላል፤ የጅማ ልጅ ነው፣ ጉሉ ውስጥ ሱቅ አለው። እናቱን ሊያሳክም መጥቶ ሆቴል አርፎ ነበር፤ በዚያው ቀን ተሽሏት ሊመለሱ ነው።

«እማዬ ማቶኬውም፣ ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎም እምቢ አላት» አለኝ። «ሾርባ የሚሠራልኝ ሰው ፍለጋ ዞርኩ። ስልኬ ላይ 'ንሳምብያ አጠገብ አማርኛ የሚናገር፣ ማብሰያ ያለው ቤት' ብዬ ጻፍኩ። ምንም።»

ስለ እህቴ ቤት ነገርኩት። ራሱን ያዘ። «እንዴ! ይህ ሁሉ እዚሁ ሥሬ ነው?» አለ። ለእናቱ አዘንኩ፤ ለራሴ ደግሞ አፈርኩ። የፈለገው ሁሉ እትዬ ቤት ነበር፤ እኔ ግን ከሐይቅ ሥር ቀብሬዋለሁ።

ወጥ ቤቱ

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ገብተን ተቀመጥን። እኔ እንደ እንግዳ እጠይቃለሁ፣ እትዬ በስልክ እንደምትመልሰው ትመልሳለች፣ ቃሏን እንዳለ እጽፋለሁ። ማብሰል ይቻላል? «ይቻላል፣ ድስትም አለ። ደክሟችሁ ከሆነም እኔ አለሁ።» ደረጃ አለው? «የለውም፣ ሁሉም ክፍል ምድር ላይ ነው።» አማርኛ የሚናገር አለ? «አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ እንግሊዝኛ እንደምንም። ሉጋንዳውን ናሎንጎ ትጨርሰዋለች።» ሐይቅ ይታያል? እዚህ ላይ ሳቀች። «ሐይቅ የለንም፤ አውራ ዶሮ ግን አለን በል» አለች። እንዳለች ጻፍኩት።

ወጥ ቤቱን ፎቶ ላነሣ ስል ግን ተጣላን። «ጥቀርሻ ያለበትን ድስት አንሣው! የወሎ ልጅ ድስቷን አታውቅም ይበሉኝ?» ድስቱ እስኪፈተግ ጠበቅሁ። ፎቶው ላይ ከሐይቁ ይልቅ ያበራል። ገጹን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍነው፤ ናሎንጎ ከበር ሆና በሉጋንዳ ጥቂት ጨመረችበት። ባለ ሦስት ኮከቡ አልጠፋም። እትዬ ከሥሩ «ለሐይቁ ይቅርታ። ለባለቤትዎ አላህ ጤናውን ይጨምርላት» ብላ አስጻፈችኝ።

ቀጥሎ ለቤተሰቡ ሁሉ በጋራ ጥሪ ደወልኩና ማንም ሰው ገጹን እንዳይከፍት፣ ኮከብም እንዳይሰጥ አልኩ። አጎቴ ተቀየመ።

«ታዲያ በምን እንርዳት?» አለ።

እናቴ በዚያው ጥሪ ላይ «ዝም በማለት!» አለችው።

ሜንጎ

ከዚያ ወዲያ ሥራው መጠበቅ ነው፤ አዲስ ገጽ እንደ ተዘራ ጤፍ ነው፣ ቆፍረው አያዩትም። እትዬ ግን በየማለዳው «መጣ?» ትለኛለች። ከመሄዴ በፊት በነበረው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሜንጎ ወሰደችኝ። እዚያ ካለው የአገሩ ንጉሥ ቤተ መንግሥት አጥር ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ የወሎ ሰው ቅመም ይሸጣሉ፤ ሐጂ ይባላሉ። ስለ ዝንጅብል ሲያወሩ ስልካቸውን ተዋስኩና ጀማል የነገረኝን ቃል ጻፍኩ።

የእትዬ ወጥ ቤት ከሁሉ በላይ መጣ፤ የተፈተገው ድስት ሳይቀር። ይህን በአማርኛ የጻፈ ሌላ ሰው ስላልነበረ የሚቀድመው አላገኘም። «ሐጂ፣ ይህን ገጽ ከፍተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«የማንን ገጽ?» አሉ። ግንባራቸውን ሳምኳቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ ካባላጋላ ጋ የእትዬ ስልክ ጠራ። እንደ ልማዷ ወዲያው አነሣችው። የማታውቃት፣ አማርኛ የምትናገር ሴት ከጁባ ነበረች። ባሏ ንሳምብያ ሊታከም ነው፣ ሁለት ክፍል ትፈልጋለች። እትዬ መንገዱ መሐል ቆመች፤ ቦዳዎቹ ጡሩንባ እየነፉ በግራና በቀኝ ያልፋሉ። እጇን ይዤ ወደ ዳር ሳብኳት።

«ማን ነገረሽ የኔ እመቤት?» አለቻት።

«ማንም አልነገረኝም። ስልኬ ላይ ፈልጌ ነው ያገኘሁሽ» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ ሳቀች። «የአውራ ዶሮው ነገር ግን እውነት ነው?»

እትዬ ዘይነብ እየሳቀች አለቀሰች። እኔም እንደዚያው።

የጁባዎቹ በደረሱ ቀን ናሎንጎ ውሉ ይታደስ እንደሆነ የእትዬን መልስ ልትሰማ መጣች። በሩ ላይ ሻንጣ ሲወርድ አየች፤ ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ባሏን የምታስታምመው፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ያገኘኋት የማሳካ ሴት ሙዝ ትልጣለች። እትዬ «ውሳኔው የአንቺ ነው» ብላ ቁልፎቹን ከፊቷ አስቀመጠች። ናሎንጎ መልሳ እጇ ላይ አደረገችላትና «ቁልፉ አንቺ ዘንድ ይክረም። ልጄን እኔ አነጋግረዋለሁ» አለቻት። ቀጥላም ወጥ ቤት ገብታ ሙዙን ከሴትዮዋ ጋር ትልጥ ጀመር።

መመለሻ

ስመለስ ሻንጣዬ ቀሎ ነበር፤ ለእናቴ የኡጋንዳ ቡናና ጥቂት የደረቀ ፌኔ ብቻ ይዣለሁ። የታፔላ አስተማሪዬ «ታፔላ የሚጻፈው ለሚያልፍ ሰው እንጂ ለባለቤቱ አይደለም» ይሉኝ ነበር። ይህን እንደገና ለመማር ካምፓላ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። የማያውቀን ሰው ምን እንደቸገረው መጠየቅ፣ ያለንን እንዳለ መንገር፣ የሌለንንም የለንም ማለት፤ ከዚህ የበለጠ ብልኃት አላገኘሁም። እህቴ ያፈረችበት ወጥ ቤት ነበር ሰው የሚፈልገው።

ቤት እንደገባሁ እናቴ ጫማዬን ሳላወልቅ «ደውልላት፣ በደኅና መግባትህን ንገራት» አለችኝ። ደወልኩ። ተይዟል። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ። አሁንም ተይዟል። እናቴ ደንግጣ «ምን ሆና ነው?» ብላ ስልኩን ከእጄ ተቀበለችና ራሷ ሞከረች።

የተያዘውን ድምፅ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አኖረችና «አልሐምዱሊላህ» አለች። «ተዋት፣ ሥራ ላይ ናት።»