ጋሽ ዓወልና የዳቦ ቤቱ ማራገቢያ

ጋሽ ዓወል ኤሌክትሪክ የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው አይደለም። አሊዩ አምባ ተወልደው በአህያ ጨው ሲነግዱ ኖረው፣ አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ የተበላሸ ራዲዮ በጨው ለወጡ። ራዲዮውን ፈትተው፣ ገጥመው፣ እስኪያናግሩት ድረስ ሦስት ወር ፈጀባቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ንግዱ አልተመለሱም። እኔ ሳውቃቸው ሃምሳን ተሻግረው ነበር፤ ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ራዲዮ፣ ካውያና የኤሌክትሪክ ምድጃ እየጠገኑ አምስት ልጅ ያሳድጋሉ። ሲሠሩ አያወሩም። ደንበኛ ከነዘነዛቸው «ወንድሜ፣ ሻይ ጠጥተህ ና» ብለው ያስወጡታል። እኔ ይህን እንደ ትዕቢት እቆጥረው ነበር። ሰውን ቸኩሎ መመዘን ያኔም አመሌ ነበር፣ ዛሬም አልተወኝም።

በ1973 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የቀበሌያችን ዳቦ ቤት ምድጃ ተበላሸ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ትልቅ ምድጃ ነው። ጠዋት ሲያበሩት ደህና ይግላል፤ ሃያ ደቂቃ ሊሞላው ሲል ድርግም ይላል። አንድ ሰዓት ያህል አርፎ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ድርግም። አራት ቀን ሙሉ ሰፈሩ ዳቦ አጣ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ኃይለ ገብርኤል ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። ከበላይ «ማን አበላሸው?» ተብሎ ተጠይቋል። በዚያ ዘመን ዕቃ በራሱ አይበላሽም፤ አሻጥረኛ መገኘት አለበት። ምድጃው ያለበት ጓዳ ቁልፍ ያለው በሊጥ አቡኪዋ በደመቀች እጅ ስለነበር ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ። ባሏ የሞተባት፣ ዘመድ የሌላት ሴት ናት። ጋሽ ዓወል መርምረው «አሻጥር ነው» ብለው ከፈረሙ ትታሰራለች፤ ያኔ ደግሞ የታሰረ ሁሉ አይወጣም። እኔ የቀበሌውም የዳቦ ቤቱም ጸሐፊ ነበርኩ። የክሱን ደብዳቤ ቀደም ብዬ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ስሟ ገብቶበት የሚቀረው የጋሽ ዓወል ፊርማ ብቻ ነበር።

ጋሽ ዓወል የመጡት ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ካቻቢቴና ፒንሳ የያዘች የቆዳ ቦርሳቸውን አስቀምጠው፣ ምድጃውን አስበርተው ቁጭ አሉ። ሊቀመንበሩ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል። ምድጃው ጋለ፤ ሃያ ደቂቃ ሊሞላው ሲል ቀጭ ብሎ ጠፋ።

«ይኸውልዎት!» አለ ጓድ ኃይለ ገብርኤል። «ሽቦ ቆርጠውበታል።»

«ሽቦው የተቆረጠ እንኳን ሃያ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃም አይበራ፣ ጓድ። ይሄ ሲሞቀው ይጠፋል፣ ሲበርደው ይነሣል። ታፍኗል።»

ከምድጃው ጀርባ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ የተሰበሰቡበት የብረት ሳጥን አለ። ሳጥኑ እንዳይግል አንዲት ማራገቢያ ሙቀቱን በወንፊት በኩል ወደ ውጭ ትገፋለች። ማራገቢያዋ ከቆመች ሳጥኑ ይግልና ምድጃው ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ይህን ያስረዱን እሳቸው ናቸው፤ እኔ ከዚያ ሞቃት ነፋስ እንደሚወጣ እንጂ ማራገቢያ መኖሯን አላውቅም ነበር።

የምድጃውን መስመር ከቆጣሪው አጠፉ፤ ማራገቢያዋን ፈትተው አወጡና ለብቻዋ ኤሌክትሪክ ሰጧት። ጉርር አለች እንጂ አልዞረችም።

«አልተቃጠለችም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። «የያዛት ነገር አለ።»

ኤሌክትሪኩን ነቅለው በጣታቸው ገፋ ቢያደርጓት ከበደች። ከክንፎቹ ሥር በፒንሳ ጫፍ አንድ ነገር ጎተቱ። ጥቁር የበግ ፀጉር እንደ ልቃቂት ተጠምጥሞ ወጣ።

ሁላችንም የደመቀችን ባና፣ ያን ከጥቁር በግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አየን። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ብርድ ሊጥ እሺ ብሎ ኩፍ አይልም። ስለዚህ ደመቀች የሊጡን ገንዳ ከምድጃው ጀርባ፣ ሞቃቱ ነፋስ በሚወጣበት በኩል አስጠግታ፣ ሙቀቱ እንዳይበተን ገመድ ወጥራ የመንዝ ባና ጋርዳበት ነበር።

«ማን አዞሽ ነው እዚህ ባና የሰቀልሽው?» አለ ጓድ ኃይለ ገብርኤል። ጥፋተኛ በማግኘቱ ደስ ያለው መሰለኝ።

ደመቀች አቀርቅራ ዝም አለች። ሦስት ቀን ስትጠየቅም መልሷ ይኸው ዝምታ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ዓወል። ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆሙ። «ባለፈው ክረምት አምፖል ልቀይር መጥቼ እጄን እዚህ አሞቅሁና፣ ይሄ ሙቀት በከንቱ ይሄዳል፤ ሊጥሽን አስጠጊው፣ ባናም ጋርጂበት አልኳት። ወላሂ ብያለሁ።» ወደ እሷ ዞሩ። «ለምን አልተናገርሽም?»

«እርስዎ ከታሰሩ ምድጃውን ማን ይሠራዋል?» አለች ደመቀች።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ዋጥኩት። ጋሽ ዓወል ግን ገና አልጨረሱም። ገመዱን በክንዳቸው ለኩ፤ የተወጠረው ከወንፊቱ አንድ ክንድ ርቆ ነው። እንዲህ ከሆነ ባናው ወንፊቱን አይነካም።

«ነፋሱ ወደ ውጭ ነው የሚገፋ» አሉ ለራሳቸው። «ፀጉር ነፋስ ተቃውሞ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ባናውን የተጫነው ነገር ከሌለ።»

ባናው መሐል ላይ የሰው ጀርባ የሚያህል የተዳመጠ ቦታ ነበር።

ያ ጀርባ የእኔ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ደመቀች በፊተኛው በር ዳቦ ስታድል፣ በርጩማ ስቤ ባናውን ከወንፊቱ ጋር አጣብቄ እደገፍና እሞቅ ነበር። አንዳንዴ እንቅልፍም ይጥለኛል። ደመቀች ይህን አታውቅም። ጋሽ ዓወል የተዳመጠውን ቦታ አዩ፣ በርጩማውን አዩ፣ ከዚያ ኮቴን አዩ። ጥቁር ፀጉር ከትከሻዬ እስከ ክርኔ ለብሶኛል። እሳቸው ግን ዓይናቸውን መልሰው የማራገቢያዋን ኩሽኔታ በስፌት መኪና ዘይት መቀባት ጀመሩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ያዩትን ለማንም አልተናገሩም፣ ለእኔም ጭምር።

«እንግዲህ አሻጥር የለም ነው የሚሉኝ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የለም። ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። ጻፍ፣ ዘርአ ዳዊት።»

ጻፍኩ። ያለ ማመንታት፣ በቆንጆ የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩ፤ እሳቸው ፈረሙ። የደመቀችን ስም የያዘው ደብዳቤ ተቀደደ። ማራገቢያዋ ቦታዋ ገብታ ዞረች፤ ምድጃው ሃያ ደቂቃውን አለፈ፣ ሰዓቱንም አለፈ። ባናው ወረደ፤ ገንዳው ባለበት ቀረ፣ ጋሽ ዓወልም ጠርዙ ላይ አጭር የሸራ መጋረጃ ቸነከሩለት። ከሰዓት በኋላ የዳቦ ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ደረሰ።

እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ጋሽ ዓወል ለግለ ሂስ ቆሙ። ነጭ ቆባቸውን አስተካከሉ። ሌላው ሰው ግለ ሂስ ሲያደርግ መፈክር ይደረድራል፣ አድኃሪውን ይረግማል። እሳቸው ያሉት ይህን ብቻ ነው፦

«የነፋሱን ሙቀት አየሁ፣ የነፋሱን ሥራ ግን አላሰብኩም። መከርኳት፣ ተሳሳትኩ። እሷ ጥፋት የለባትም።»

ሱቃቸው ለስድስት ወር እንዲታሸግ ተወሰነ። ጓድ ኃይለ ገብርኤል ውሳኔውን ሲያነብ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ደመቀች ከኋላ ወንበር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አፈርኩ፤ ግን ማፈርና መናገር ለየቅል ናቸው።

በስብሰባው ደንብ የመጨረሻውን ጥያቄ የሚጠይቀው ጸሐፊው ነው። ተነሣሁ።

«በዚህ ጉዳይ ግለ ሂስ የሚያደርግ ሌላ ጓድ አለ?»

ጋሽ ዓወል ከፊት ወንበር ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ማንም እጁን አላነሣም። ተቀመጥኩና ቃለ ጉባኤው ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ።