አባቴ ወደ ተራራው ዞሮ የመረቀ ዕለት

አሁን በማስተምርበት ትምህርት ቤት ባለፈው ሳምንት የወላጆች በዓል ነበር። ድምፅ ማጉያውን የሚያስተካክለው ሰውዬ «አንድ፣ ሁለት... አንድ፣ ሁለት» ሲል ማይክሮፎኑ ሲጥ አለና ጆሯችንን ወጋን። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ዞሬ በሩን አየሁ። አትሳቁብኝ። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሸዋ ሮቢት ነኝ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የድንኳኑ ሸራ በሙቀት ይሸታል፣ አባቴም መድረክ ላይ ቆሟል።

አባቴ ገበሬ ነበር፤ ወንዙ ዳር ሽንኩርትና ማሾ ያለማል። ከተማው የሚያውቀው ግን በመራቂነቱ ነው። ሰርግ ቢሆን፣ አዲስ ቤት ቢመረቅ፣ የተጣላ ቢታረቅ የሚጠራው እሱ ነው። በክርስቲያኑም በእስላሙም ቤት ይመርቃል፤ ጎረቤታችን ሼኩ ከጎኑ ሆነው «አሚን!» እያሉ ያጅቡታል። ከአባቱ የወረሰው አንድ ልማድ ነበረው፤ ባለበት ቆሞ አይመርቅም። መጀመሪያ ፀሐይ ወደምትወጣበት ወደ ቆላው ሜዳ፣ ከዚያ ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን፣ መጨረሻ ወደ ተራራው ዞሮ ይመርቃል። «አንዱን አቅጣጫ የዘለልኩ እንደሆነ በዚያ በኩል ያለውን ሰው ረገምኩት ማለት ነው» ይል ነበር። ድምፁ ወንዝ ይሻገራል። እናቴ «የእርስዎ ምርቃት እስኪያልቅ ወጡ ቀዝቅዞ እንደገና ይሞቃል» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ያን ዓመት አገሩ ሰላም አልነበረም። ተራራው ላይ ጫካ የገቡ ልጆች አሉ፤ ከተማው ውስጥ መለዮ የለበሱ ልጆች አሉ። የደብረ ሲና መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። በዚህ መሀል አዲስ አስተዳዳሪ ተሾመ፤ ቃለ መሐላ በሚፈጽምበት ቀን አባቴ እንዲመርቅ ተጠራ። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት እየጠበቅኩ ነበር። ከእናቴ ጋር ሴቶቹ መሀል ተቀመጥን።

የመድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ሲያቀብለው «አባባ፣ አጠር ይበልልን» አለው። ሁላችንም ሰማን። አባቴ ሹመቱን መረቀ፣ ዝናቡን መረቀ፣ ሰዉም «አሜን» እያለ ተቀበለው። ወደ ደቡብ ዞረ፣ ወደ ሰሜን ዞረ። ወደ ተራራው ሊዞር ሲል እናቴ ክንዴን ጨመቀችው። የሹማምንቱ ድንኳን በስተምሥራቅ ነበርና ሲዞር ጀርባውን ሰጣቸው። ከዚያ እጆቹን ዘርግቶ፣

«ጫካ ያለውም ልጃችን ነው፣ ካምፕ ያለውም ልጃችን ነው። ሁለቱንም ከጥይት ሰውረህ ለእናቶቻቸው መልስ!» አለ።

ከኋላችን አንዲት ሴት እያለቀሰች «አሜን» አለች፤ ሌሎች ሴቶች ተከተሏት። ከፊት የሼኩ «አሚን» ብቻውን ተሰማ። ድንኳኑ ውስጥ ከንፈሩን ያንቀሳቀሰ አልነበረም። ልጇ መለዮ ለብሶ የሞተባት ጎረቤታችን ብድግ ብላ «ልጄን ለበላው ነው የሚጸልየው?» አለችና ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። አጥሩ ጋ የቆሙ ጎረምሶች ደግሞ «ከገዳዮቻችን ጋር እኩል አደረገን!» ብለው አፏጩ። ማይክሮፎኑ ሲጥ ብሎ ጠፋ። አባቴ ግን መጥፋቱ አልገባውም፤ የቀረች ምርቃት ነበረችውና ድምፅ በሌለው ማይክሮፎን እስከ መጨረሻው ጨረሳት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ምርቃቱ በየሰው ስልክ ላይ ይታይ ጀመር። ግማሹ ሰው ስለ ጫካው የተናገረውን ብቻ ቆርጦ ያሰራጫል፤ ግማሹ ስለ ካምፑ የተናገረውን። በሁለቱም በኩል አባቴ ከሃዲ ሆነ። ገበያ ላይ ሰዉ እርስ በርሱ «አሜን ብለሃል እንዴ?» ይባባል ነበር። «ኧረ እኔ ያን ሰዓት ውሃ ልጠጣ ወጥቼ ነበር!» ይላል የተጠየቀው። ከተማው በሙሉ ውሃ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። እኛን ሰላም የሚል ጠፋ። የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር እናቴ የያዘችውን ጥላ በር በሩን ታያለች። እኔም ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ባጃጅ ደጃችን ሲደርስ ፍጥነት ከቀነሰ ወደ ጓዳ እሮጥ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መኪናው መጣ። ሁለት ሰዎች ወረዱ። «አባባ፣ ለትንሽ ጥያቄ ነው፤ አሁን ይመለሳሉ» አለ አንደኛው። እናቴ ገብታ ጋቢ ይዛ ወጣች። በዚያ ሙቀት!

«ለትንሽ ጥያቄ ጋቢ ምን ያደርጋል፣ እናቴ?» አላት ሰውየው።

እሷ ጋቢውን አባቴ ትከሻ ላይ አድርጋ ጫፉን አስተካከለችለት። ሼኩ ከቤታቸው ወጥተው «አሚን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እኔንም ውሰዱኝ» ቢሉ አባቴን ብቻ ይዘው ሄዱ። እሳቸውም ባጃጅ አስቁመው ተከተሉ።

ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል ሁለቱም በእግራቸው ተመለሱ። ሼኩ «አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው መጣ» አሉን። አባቴ «ውሃ ስጡኝ» ብቻ አለ። ምን እንደጠየቁት እስከ ዛሬ አናውቅም። በማግስቱ ደግሞ ከማናውቀው ቁጥር ተደወለለት። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ሁላችንም ሰማን፦ «ስማ ሽማግሌ፣ ከገዳዮቻችን ጋር ደባልቀህ አትመርቀን። ቤትህን እናውቀዋለን።» ልጁ ከሚሆን ሰው «አንተ» መባል ያኔ ደረሰበት። ስልኩን አስቀምጦ ወደ ማሾው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለምርቃት ሲጠሩት «ጉሮሮዬን ያመኛል» ይል ጀመር። ጉሮሮውን አላመመውም። ዓመታት አለፉ፣ መንገዱም ተከፈተ፣ እሱ ግን አልመረቀም።

እኔ ስዳር ግን እንቢ ሊል አልቻለም። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነበር። ብድግ አለ፣ እጆቹን ዘረጋ፣ ሁላችንም ለአሜን ተዘጋጀን። ወዲያው ሰዉ ስልኩን እያወጣ ወደ እሱ ደገነ፤ በፍቅር ነበር፣ ለማስታወሻ። አባቴ ስልኮቹን አንድ በአንድ አያቸው። እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ጓዳ አስገባኝና በሩን ገርበብ አደረገ። በቬሎ በተሸፈነው አናቴ ላይ እጁን ጭኖ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ። ያ ወንዝ የሚሻገር ድምፅ፣ እኔ እንኳ በደንብ የማልሰማው ሆኖ፣ «ውለጂ፣ ክበጂ... ልጆችሽ በደጅ አይቅሩ» አለኝ።

አሜን የምለው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔም በሹክሹክታ አልኩት።