የየኔታ እስስት በታመመች ጊዜ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ወዳለው የእንስሳት መድኃኒት ቤቴ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ የጫማ ካርቶን ታቅፋ ገባች። ጫጩት ወይም የድመት ግልገል መስሎኝ ነበር። ክዳኑን ስታነሣው ግን አንዲት እስስት ጥጥ ተነጥፎላት ተኝታለች፤ በቀን ብርሃን ሁለቱንም ዐይኖቿን ጨፍናለች። ልጅቱ ለኮሌጁ የእንስሳት ትምህርት ክፍል ስትል ከመንገድ ዳር እንዳነሣቻት፣ ከዚያ በኋላ ግን ልትለያት እንዳልቻለች ነገረችኝና፣ “መርፌ ይኖርሽ ይሆን?” ብላ ጠየቀችኝ።

ካርቶኑን ወደ ደጃፉ ብርሃን አስጠግቼ አየሁ። ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው አንድ ክረምት እንዳለ መጣብኝ፤ የቡሬ ጭቃ፣ የቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ሽታ።

ያን ጊዜ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የተወለድሁት ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ ከሚያስኬድ ገጠር ሲሆን፣ ለትምህርቴ ስል ከተማው ውስጥ አጎቴ ዘንድ እኖር ነበር። አጎቴ ጋሼ ሙሉዓለም የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ። ትምህርት በሌለ ቀን ለክትባት ሲወጡ ቦርሳቸውን ይዤ እከተላቸዋለሁ። የጊደር አፍንጫ እንዴት እንደሚያዝ፣ እበት ታይቶ ትል እንዴት እንደሚጠረጠር፣ የበቅሎ ቁስል በምን እንደሚታጠብ ያየሁት ከእሳቸው ጋር ነው። ታዲያ በዚያ ዕድሜዬ ግማሽ ሐኪም የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። የጎረቤት ዶሮ ካስነጠሰች ማንም ሳይጠይቀኝ በሽታዋን እናገራለሁ። አንዳንዴ ልክ እሆናለሁ፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አበላሸኝ።

በአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን የኔታ ብርሃኑ ይባሉ ነበር። ወደ ፈረስ ቤት በኩል ብዙ ዘመን ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዐይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ጉባኤውን ለተማሪያቸው ትተው ቡሬ የገቡ ብቸኛ ሽማግሌ ናቸው። ከደጃቸው አንድ ትልቅ የጌሾ ቁጥቋጦ አለ። አንድ ቀን ጋሪ ሊጨፈልቃት የነበረችን እስስት በኩታቸው ጫፍ አንሥተው እዚያ ጌሾ ላይ ቢያኖሯት፣ እሷም ሳትሄድ ቀረች። ከጊዜ በኋላ ፌንጣ ከእጃቸው መቀበል ጀመረች። የመንደሩ ሰው ይፈራት ነበር፤ የጎረቤታችን የባለጋሪው ሚስት እትዬ ጥሩወርቅማ በዚያ ደጅ ላለማለፍ ዞረው ይሄዱ ነበር። የኔታ ግን ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ሳትቸኩል የምታይ እሷ ብቻ እንደሆነች ይናገራሉ። ጠዋት ጠዋት ከጌሾው ሥር በርጩማ አስቀምጠው፣ ዐይኗ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሲዞር ምን ያህል እንደሚያዩ ባላውቅም፣ ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው ይቀመጣሉ።

በሐምሌ ወንድማቸው መታመማቸውን የሚገልጽ መልእክት መጣባቸውና ወደ ፈረስ ቤት ሊሄዱ ተነሡ። ከመሄዳቸው በፊት አጥሩ ዘንድ ጠሩኝ።

“ትርንጎ፣ የእስስቷን ጎረቤትነት ላንቺ ትቻለሁ። ከጌሾው አታውርጃት። ፌንጣ ስታገኚ ብቻ ወርወር አድርጊላት።”

“አይስጉ የኔታ። እኔ እያለሁ ምን ትሆናለች?” አልኋቸው።

እሳቸው በሄዱ በሦስተኛው ቀን ከባድ በረዶ ወረደ። የጌሾው ቅጠል ግማሹ ረገፈ። እስስቷ ከግንዱ ሥር ተጣብቃ ጠቁራ አየኋትና፣ የኔታ ያሉትን ረስቼ ሳይሆን ከእሳቸው የተሻለ አውቃለሁ ብዬ አወረድኋት። የሳሙና ካርቶን ውስጥ አሮጌ ሹራብ አነጠፍሁ፤ ካርቶኑን ጓዳ ከምድጃው ማዶ አስቀመጥሁ፤ ውሃ በጠርሙስ ክዳን አቀረብሁላት። ጨለማው ከድመት ይሰውራታል፣ ሙቀቱም ይበጃታል ብዬ ነበር። ዝንብ ሳገኝ ዝንብ፣ ሳላገኝ ደግሞ በውሃ የራሰ ዳቦ እሰጣታለሁ። ዳቦውን ነክታው አታውቅም። እኔ ግን በልታ የተረፋት ነው እያልሁ አነሣዋለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ምላሷ ዝንቧ ዘንድ ሳይደርስ መመለስ ጀመረ። ታነጣጥራለች፣ ትወረውራለች፣ ሩቡን ርቀት ሄዶ ይወድቃል። ሰንፋ ነው አልሁ። ከዚያ ቆዳዋ አመድ መሰለ፤ ዐይኖቿ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ስትራመድ ክንዷ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ዐይኖቿን ቀኑን ሙሉ መጨፈን ጀመረች። አሁን ሳስበው አንድ በአንድ ነግራኝ ነበር፤ ሰሚ አላገኘችም እንጂ።

ዐይን ከተዘጋ የዐይን በሽታ ነው ብዬ ወሰንሁ። አጎቴን ሳላስፈቅድ ከቦርሳቸው የዐይን ቅባት ወስጄ ቀባኋት። በማግሥቱም ቀባኋት። ቅባቱ ላይ የሹራቡ ብናኝ ተለጥፎ ዐይኗ ጭራሽ ታተመ። በሦስተኛው ቀን አፏን ከፍቼ ውሃ ላጠጣት ስሞክር የታችኛው መንጋጋዋ እንደ ጎማ እጥፍ አለልኝ። አጥንት እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። የኔታ አጥሩ ዘንድ ቆመው የነገሩኝ ሁሉ ያን ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

አጎቴ ከሥራ ሲመለሱ የጭቃ ቦት ጫማቸውን እያጠቡ ሳሉ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ቅባቱን መውሰዴንም ጭምር። አልተቆጡም። ጫማቸውን አጥበው እስኪጨርሱ ሰሙኝና፣ ካርቶኑን ወደ ደጅ እንዳወጣው አዘዙኝ። ብዙ ሰዓት የቆዩ መሰለኝ። በእጃቸው ሳይነኳት ከዚህም ከዚያም አዩዋት።

“ውሃ ስትጠጣ ዐይተሻል?” አሉኝ።

“በክዳን አቀርብላታለሁ።”

“እሱን አልጠየቅሁሽም።”

አላየሁም ነበር። ቀጥለው ኩሷን አሳዩኝ። ጤነኛ ስትሆን ነጭ የሚሆነው ጫፉ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ይህ የሚሆነው ሰውነቷ ሲደርቅ ነው፣ ዐይኗም የጎደጎደውና የተዘጋው ከጥም ነው አሉኝ። ከዚያ በአንድ ጣታቸው መንጋጋዋን ዳሰሱ፤ የፊት ክንዷ መጉበጡን ከታች አሳዩኝ። እኔ አሁንም መርፌ ቢወጉልኝ ነበር ምኞቴ። ያንኑ ጠየቅኋቸው።

“እኔ የማውቀው የበሬ መጠን ነው” አሉ። “እስስት አክሜ አላውቅም። ፀሐይ ሳያይ ያደገ ጫጩት ግን አውቃለሁ፤ እግሩ እንደዚህ ነው የሚሆነው። ይቺ መድኃኒት አይደለም የጎደላት። አንቺ የወሰድሽባት ነው የጎደላት።”

ያ ንግግር እስከ ዛሬ ያመኛል፤ እስከ ዛሬም ይጠቅመኛል።

ያንኑ ማታ ሳይመሽ ጀመርን። ውሃ አፍልተን አቀዘቀዝን፤ ቁንጥር ጨው ጨመርንበት። በጥጥ እየነከርሁ ቅባቱንና ብናኙን ቀስ እያልሁ ከዐይኗ ላይ አለሰለስሁት፤ እንዳልጎትተው አጎቴ እጄን እያዩ ነበር። ንጹሕ ውሃ የሞላንበትን የሃይላንድ ላስቲክ ጠርሙስ ሥሩን በመርፌ በስተን፣ ከጌሾው ቆርጠን እሷን ካስቀመጥንበት ቅርንጫፍ በላይ ሰቀልነው። ጠብታው ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተንጠባጠበ ከከንፈሯ ጫፍ ላይ ደረሰ። እስስት ከሳህን አትጠጣም፤ የምትጠጣው ከቅጠል ላይ የሚያበራውን ጠብታ ነው። መጀመሪያ አልተነቃነቀችም። ብዙ ጠብታ ባክኖ ወደቀ። ከዚያ ጉሮሮዋ አንዴ ንቅንቅ አለ፤ ቆይቶ ደግሞ አንዴ። አጎቴ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ወደ ቤት ገቡ።

የቀረው አጥንቷ ነበር። የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽ ውቀጪና ፌንጣው ላይ ነስንሺ አሉኝ። ችግሩ ግን ፍልሰታ ገብቶ ነበር። በዚያ መንደር በፍልሰታ እንቁላል የሚሰብር ቤት ከየት ይገኛል? ሳስብ የእትዬ ጥሩወርቅ ዶሮ ጫጩት እንደፈለፈለች ትዝ አለኝ። ሄጄ ቅርፊቱን ለመንኋቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለመዋሸት አሰብሁና ተውሁት፤ ለየኔታ እስስት መሆኑን ነገርኋቸው። ወደ ዶሮዋ ዕንቅብ ጎንበስ አሉ። ቀጥለው ቅርፊቱን ከዕንቅቡ ሥር ለቃቅመው በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝና፣ እሷን ብለው ሳይሆን ሽማግሌው ተመልሰው ባዶ ጌሾ እንዳያገኙ ብለው መስጠታቸውን አስረዱኝ።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ ፀሐይ መጠበቅ ሆነ። የነሐሴ ሰማይ እንደምታውቁት ነው፤ ጠዋት ለአንድ አፍታ ይከፈትና መልሶ ይዘጋል። ደመናው በተገለጠ ቁጥር ቅርንጫፏን ይዤ እሮጣለሁ። ከከተማው ጫፍ ካለው የበርበሬ ማሳ ጠርዝ ጤዛ ያደነዘዛቸውን ትናንሽ ፌንጣዎች እለቅማለሁ፤ ቅርፊቱን ነስንሼ በጣቴ ጫፍ አቀርብላታለሁ። አንድ ቀን ፀሐዩ ጠንከር ሲል ከልክ በላይ አስጥቻት አፏን በሰፊው ከፈተች፤ ሞተች ብዬ ደነገጥሁ። አጎቴ ሙቀት በዝቶባት እንደሆነ፣ ግማሹ ቦታ ፀሐይ ግማሹ ጥላ መሆን እንዳለበት፣ መምረጡን ለራሷ እንድተውላት ነገሩኝ። ተውሁላት። መረጠች።

በሳምንቱ አንዱ ዐይኗ ተከፈተ፣ በማግሥቱ ሁለተኛው። ከኩሷ ቢጫው ጠፍቶ ነጭ ሆነ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መንጋጋዋ ጠነከረና አንድ ቀን ከስንዝር በላይ ርቀት ፌንጣውን ከጣቴ ላይ ነጥቃ ወሰደችው። ብቻዬን ሳቅሁ። የፊት ክንዶቿ ግን እንደ ጎበጡ ቀሩ። ወደ ጌሾው ብመልሳትም እንደ ድሮዋ ወደ አናቱ መውጣት አልቻለችም።

የኔታ በጳጉሜ መጡ። ወንድማቸው ድነው ነበርና ፊታቸው ፈክቷል። ገና የመንገዱን ጭቃ ሳይታጠቡ ወደ ጌሾው ሄዱና እጃቸውን ዘረጉ። እስስቷ ቀስ ብላ ወጣችባቸው። በጣታቸው ጀርባዋን፣ ከዚያ ክንዷን ዳሰሱ፤ ጣታቸው ጉብጠቱ ላይ ቆመ። በረዶ መውረዱን ሰምተዋል። በረዶው ነው ብል ያምኑኝ ነበር።

አላልሁም። ካወረድኋት ቀን ጀምሮ እስከ ቅባቱ፣ ከቅባቱም እስከ ቅርፊቱ ዘርዝሬ ነገርኋቸው። መጨረሻ ላይ፣ “ዐይኗ ግን በራ፣ የኔታ” አልሁ።

እጃቸው ላይ ያለችውን እስስት ወደ ፊታቸው አስጠጉ።

“በራ አልሽኝ” አሉ። “የማንኛችሁ እንደሆነ ሳትነግሪኝ።”

መመረቃቸው ይሁን መውቀሳቸው ሳይገባኝ ቤቴ ገባሁ። የገባኝ ራት እየበላሁ ሳለ ነው፤ ለካ ተጨፍኖ የነበረው የእኔም ዐይን ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሳይጠሩኝ ሄጄ ከጌሾው ሥር ዝቅ ዝቅ ያሉ ቅርንጫፎች እንደ መሰላል አሰርሁላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረች፤ ከሰው ወገብ በላይ ሳትወጣ፣ ግን ወፍራና አረንጓዴ ሆና።

እኔም ይህንኑ ሙያ ተምሬ ይኸው በሙያዬ እተዳደራለሁ። በራሴ እተማመናለሁ፤ መተማመኑን አልተውሁትም፣ መተውም የለብኝም። እጁ የሚያመነታ ሰው ቀንድ ያለው ከብት አይዝም። የተለወጠው ቦታው ነው። ድሮ የምተማመነው በመልሴ ነበር፤ አሁን የምተማመነው በጥያቄዬ ነው። ደግሞም የሚድነውንና የማይድነውን ለይቼ ለባለቤቱ እነግራለሁ፤ ይህን ከመርፌው ይልቅ ብዙዎች ይፈሩታል።

ለተማሪዋም እንደዚሁ አደረግሁ። ጠየቅኋት፣ ካርቶን ውስጥ ከፀሐይ አርቃ እንዳኖረቻት መለሰችልኝ፤ ከጠብታው እስከ ቅርፊቱ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፈች። የእስስቷ ዐይን እንደሚከፈት፣ መንጋጋዋም ሊጠነክር እንደሚችል ነገርኋት። ቀኝ ክንዷ ግን እንደማይቃና አልደበቅኋትም። ልጅቱ ክንዱን ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ጥፋቱ የኔ ነው?” አለችኝ።

“አዎ” አልኋት። “እኔም በዕድሜሽ ይህንኑ አጥፍቻለሁ። ካርቶኑን ተይልኝ፣ እሷን በቅርንጫፍ ይዘሻት ሂጂ።”