የማይጮኸው ሰውዬ

ደስታነሽ አምና እዚህ የጆሃንስበርግ መዝናኛ ፓርክ ለሃሎዊን፣ ለፈረንጆቹ የማስፈራሪያ በዓል፣ መጥታ፣ መውጫው የሚጠፋው አስፈሪ ቤት ውስጥ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኻለች፤ ዘንድሮም ልትጮኽ እየፈነጠዘች ከተፍ አለች። አምና በሩ አካባቢ ያየችው ሰውዬ ዘንድሮም አለ። ያው ቡናማ ጃኬት፣ እስከ አንገቱ የተቆለፈ። ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ ተቀምጦ፣ የሰው ጣት መስሎ የተጠበሰውን ቋሊማ ሳያየው ያኝካል። ዓይኑ ከአስፈሪው ቤት በር አይነቀልም።

«የኛ ሰው ነህ አይደል ወንድሜ? ስንት ጊዜ ገባህ?»

«ዛሬ እንኳ ሦስቴ፣ እህቴ።»

«ጉድ ነው! ይሄን ያህል ትወደዋለህ?»

«ኧረ እፈራዋለሁ።» ቋሊማውን አስቀመጠ። «ዛንድስፕሩት የሚባል ሰፈር ስፓዛ፣ ትንሽ የመንደር ሱቅ፣ ነበረን። ዘራፊዎቹ ሲመጡ እኔ መስኮቱ ጋ ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ከጀርባ ክፍል ተኝቷል። ስሙን ብጠራው በጓሮ ያመልጥ ነበር። ድምፄ እምቢ አለኝ። ያኔ የቀረብኝ ጩኸት ምናልባት እዚህ ቢወጣልኝ ብዬ ነው።»

ተነስቶ ገባ። ደስታነሽ ሳቋ ከፊቷ ጠፍቶ ጆሮዋን ከአስፈሪው ቤት ግድግዳ አስጠጋች። የሴት ጩኸት መጣ፣ የጎረምሶች ጩኸት መጣ፣ ጮኾ በራሱ የሚስቅም ነበር። የሱ ግን የለም።

ሰውዬው ሲወጣ፣ ሙት መስሎ የሚያስፈራራው ሠራተኛ ጭምብሉን አውልቆ ተከተለው።

«ቡቲ፣ ወንድሜ፣ ደህና ነህ? እንዲህ አታስፈራኝ እንጂ!»

የሰውዬው አፍ እንደ ተከፈተ ቀርቷል። አገጩን በመዳፉ ወደ ላይ ገፍቶ ዘጋውና ተመልሶ ሰልፍ ያዘ።